ሐረጎን በብስክሌት ከወጡ በኋላ የደነደነ ባትን እንዴት ማፍታታት ይቻላል?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ ድረስ በብስክሌት የወጣ ሰው፣ መንገዱ በኪሎ ሜትር ሲቆጠር ብዙ እንዳልሆነ ያውቃል፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ከተሞች በከፍታ ወደ 600 ሜትር ይለያያሉ፤ የዚህም ልዩነት ዋናው ክፍል የሚከፈለው እየተጠማዘዘ በሚወጣው በሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ፒያሳ ደርሰው ከኮርቻው ሲወርዱ እግርዎ የሌላ ሰው ይመስል ይከብድዎታል፣ ባትዎም እንደ ድንጋይ ይደነድናል። ትክክለኛው ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በማግስቱ ነው። እኔ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ በመሆኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ዳገት በብስክሌት መውጣት በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ወራት፣ እሑድ ጠዋት የቤቴን ደረጃ የምወርደው ግድግዳውን ተደግፌ፣ ፊቴን ወደ ላይ አዙሬ፣ የኋሊት ነበር።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተጻፈው በሰዓት ቅደም ተከተል ነው፤ ከብስክሌቱ ከመውረድዎ በፊት ካሉት ደቂቃዎች ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ቀን ይዘልቃል፤ በመጨረሻም ሕመሙ በየሳምንቱ እንዳይመለስ ብስክሌቱ ላይ መደረግ ያለበትን ያሳያል። ቅደም ተከተሉን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን ባትን የሚያሽር ነገር በመጀመሪያው ምሽት ከተደረገ ሊጎዳው ይችላል።

ባት ሲባል ሁለት ጡንቻ ነው

ባት ብለን የምንጠራው ሥጋ በውስጡ ሁለት ዋና ዋና ጡንቻዎች አሉት። ከላይ ያለውና በእጅ ሲጨበጥ ሁለት ጉብታ ሆኖ የሚሰማው ጡንቻ የሚነሳው ከጉልበት በላይ፣ ከጭን አጥንት ግርጌ ነው። ከእሱ ሥር የተኛው ጠፍጣፋው ጡንቻ ደግሞ ከጉልበት በታች ካሉት አጥንቶች ይነሳል። ሁለቱም ወደ ታች እየጠበቡ ወርደው በአንድ ወፍራም የተረከዝ ጅማት ይገናኛሉ። ይህን ልዩነት ማወቅ የሚጠቅመው በተግባር ነው፤ ጉልበት ሲታጠፍ የላይኛው ጡንቻ ይላላል፣ የታችኛው ግን ከጉልበት በታች ስለሚነሳ የጉልበቱ መታጠፍ አይነካውም። ስለዚህ ጉልበታቸውን ቀጥ አድርገው ብቻ ባታቸውን የሚያሳስቡ (ጡንቻውን ስበው የሚዘረጉ) ሰዎች የሥራውን ግማሽ ትተውታል፤ ብስክሌት ነጂ ሁልጊዜ ጉልበቱን አጥፎ ስለሚረግጥ ደግሞ የተተወው ግማሽ ብዙ የደከመው ሊሆን ይችላል።

ፔዳል ስንረግጥ ቁርጭምጭሚታችን የሚንቀሳቀሰው በጠባብ ክልል ውስጥ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩና መንገዱ ሁለት ሰዓት ቢፈጅብዎ፣ እያንዳንዱ እግር 7,200 ጊዜ ረግጧል ማለት ነው፤ በዚያ ሁሉ ርግጫ ባቱ ይኮማተራል እንጂ አንድ ጊዜም እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። መደንደኑ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ወደ ታች ሲሄዱም ነገሩ አይቀልም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሁለቱን ፔዳሎች አግድም አስተካክለው፣ ከኮርቻው ትንሽ ተነስተው፣ ፍሬን ይዘው በቆሙ ቁጥር ባትዎ ሳይንቀሳቀስ ተወጥሮ ሙሉ ክብደትዎን ይሸከማል፣ ንፋሱም ያቀዘቅዘዋል።

በማግስቱ የሚሰማውን ሕመም በተመለከተ «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ሲባል ያልሰማ ስፖርተኛ የለም። ይህ አባባል ልክ አይደለም፤ በሥራ ጊዜ የሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ ካረፍን በኋላ በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከደም ይጠራል። በሁለተኛው ቀን የሚያመው ያልለመደው ጫና የደረሰባቸው የጡንቻ ክሮች በጥቂቱ ስለሚጎዱና ሰውነትም እነሱን ለመጠገን ብግነት ስለሚያስነሳ ነው። ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታና በራሱ ይቀንሳል። እኛ የምናደርገው ነገር ሁሉ ይህን ጥገና ማገዝና የተያዘውን ጡንቻ ማላላት ነው፤ ጥገናውን በግድ ማፋጠን አይቻልም።

እጅዎን ከማሳረፍዎ በፊት፦ ሕመሙን ይለዩ

ከዳገት የሚመጣ የተለመደ የባት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እግር ላይ ይገኛል፣ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ሲነኩት ያማል፣ ሲንቀሳቀሱ ግን ይቀላል። ከዚህ የተለየ ከሆነ ከመታሸትም ከማሳሳብም ይታቀቡ።

እየነዱ ሳለ አንድ ሰው ከኋላ በድንጋይ የመታዎ ያህል ድንገት ከተሰማዎ፣ «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም በጣቶችዎ ጫፍ መቆም ካቃተዎ፣ ጡንቻው ወይም ጅማቱ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ጅማቱን ለመፈተሽ በሆድዎ ተኝተው እግርዎን ከአልጋው ጠርዝ ውጭ ያንጠልጥሉና ሌላ ሰው ባትዎን በመሐሉ ጨበጥ እንዲያደርገው ያድርጉ፤ ጤነኛ እግር ባቱ ሲጨበጥ ጣቶቹ በራሳቸው ወደ ታች ዘንበል ይላሉ። አንደኛው እግር ሲንቀሳቀስ ሌላኛው ዝም ካለ ነገሩን ለነገ ሳያሳድሩ ሐኪም ያማክሩ።

ሁለተኛው አደጋ በእግር ደም ሥር ውስጥ የሚፈጠር የደም መርጋት ነው። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፣ ሕመሙም ለዕረፍትም ለእንቅስቃሴም የማይበገር ከሆነ ይጠርጥሩ። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ የወለዱ፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ደሴ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እግራቸውን ሳይዘረጉ በአውቶቡስ ተቀምጠው የመጡ ሰዎች የበለጠ ሊጠነቀቁ ይገባል። በልብስ ሰፊ ሜትር ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው የሁለቱን ባቶች ዙሪያ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ዕለቱን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ልዩነቱ ከዚያ ቢያንስም ሌሎቹ ምልክቶች ካሉ ሜትሩ አያዘናጋዎት። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት ግን አንድ ደቂቃም መዘግየት አያስፈልግም።

ሦስተኛው በቀላሉ የሚታይ ነው፤ ከከባድ ጉዞ በኋላ ሽንትዎ እንደ ቀጠነ ቡና ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊትን እያስቸገረ ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ያስፈልግዎታል።

አንደኛ፦ ከብስክሌቱ ሳይወርዱ

ዳገቱን ጨርሰው ከተማው ውስጥ ሲገቡ ቀጥታ ወደ ቤት አይክነፉ። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች በቀላሉ ማርሽ፣ ወሬ እያወሩ መንዳት በሚችሉበት ፍጥነት ያዙሩ። ባት ሲኮማተርና ሲላላ ከእግር ያለውን ደም ወደ ላይ ወደ ልብ የሚገፋ ፓምፕ ስለሆነ፣ ከከባድ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲቆም ደሙ እታች ይተኛል፤ ወርደው ሲቆሙ ራስዎን የሚያዞርዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጃኬትና ረጅም ሱሪ ይያዙ። ደሴ ከጦሳ ሥር በ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ በላብ የራሰ እግርን በአጭር ጊዜ ያቀዘቅዘዋል፣ የቀዘቀዘ ጡንቻም ይጨማደዳል። እኔ ረጅሙን ሱሪ ጠቅልዬ ከኮርቻው ሥር አስረዋለሁ፤ ዳገቱ እንዳለቀ መንገድ ዳር ቆሜ ከላይ እደርበዋለሁ። የሚያዩኝ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

ቤት ሲገቡ ሶፋ ላይ አይዘርጉ። ብስክሌቱን አቁመው አምስት ደቂቃ ያህል በግቢው ውስጥ ይራመዱ፤ ከዚያ የራሰውን ልብስና ካልሲ ይለውጡ።

ቀጥሎ ውሃ ነው። በብርድ አገር የሚወጣ ላብ ቶሎ ስለሚደርቅ ሰው ያላበው አይመስለውም። በቤትዎ ሚዛን ካለ ከመነሳትዎ በፊትና ከደረሱ በኋላ ይመዘኑ፤ የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ የቀነሰ ኪሎ በቀጣዮቹ ሰዓታት ከአንድ ሊትር ተኩል ያልበለጠ ውሃ ከምግብ ጋር ቀስ እያሉ ይጠጡ። ሚዛን ከሌለ ሽንትዎን ይመልከቱ፤ ቀለሙ ፈዘዝ እስኪል ድረስ ይበቃል። ብዙ ያላበው ሰው ጨውም ያስፈልገዋል፤ እራት ላይ የሚበሉት ወጥ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይሸፍነዋል። ወጡ እስኪደርስ መጠበቅ ካልቻሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ጨው በጥብጠው ይጠጡ። ጨውን በግምት አይጨምሩ።

ለምግቡ ብዙ መጨነቅ አይገባም። የተመታ በሶ በማር ወይም በስኳር ለደከመ እግር ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ከእሱ ጋር እንቁላል ወይም ወተት ቢጨመር ለጡንቻው ጥገና የሚያስፈልገው ፕሮቲን ይገኛል። በጾም ጊዜ ሽሮና ምስር ወጥ በእንጀራ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ መጠኑን ግን ከወትሮው ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በረመዳን የሚጾሙ ጓደኞቼ ጉዟቸውን ከመግሪብ በፊት ባለው ሰዓት፣ አጭርና ቀላል አድርገው ያስቀምጡታል፤ ውሃውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ከፋፍለው ይጠጡታል። ቢራን በተመለከተ፣ ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ በመሆኗ ምክሬ ብዙ ሰሚ እንደማያገኝ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ አልኮል እንቅልፍንም የጡንቻን ጥገናም ያውካል።

ሦስተኛ፦ ማሳሳብ

ይህ ደረጃ የሚሠራው ሰውነት ገና ሙቀቱን ሳያጣ ነው። በቅድሚያ እውነቱን ልናገር፤ ማሳሳብ የነገውን ሕመም አይከለክልም፣ በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተደምረው ሲታዩ ያገኙት ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው። የሚሰጠው ነገር የደነደነውን ማላላትና ቁርጭምጭሚቱ እንደ ልቡ እንዲታጠፍ ማድረግ ነው፤ ይህም ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

ለላይኛው ጡንቻ ግድግዳ ፊት ይቁሙና ሁለቱን መዳፍዎን በደረትዎ ቁመት ያሳርፉ። የሚሳሳበውን እግር አንድ ትልቅ እርምጃ ወደ ኋላ ይውሰዱ፤ ጉልበቱ ቀጥ ይበል፣ ተረከዙ ከመሬት አይነሳ፣ ጣቶቹም ቀጥታ ወደ ግድግዳው ይመልከቱ። ከዚያ የፊተኛውን ጉልበት እያጠፉ ወገብዎን ወደ ግድግዳው ያስጠጉ፤ ስበቱ በባትዎ የላይኛው ጉብታ ላይ ይሰማዎታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኋላውን እግር ጣቶች ወደ ውጭ በማዞር ነው፤ ጣቶቹ ሲዞሩ ተረከዙ መሬት የነካ ይመስላል፣ ስበቱ ግን ከባቱ ይሸሻል። እግርዎን ከወለሉ ሴራሚክ መስመር ጋር ቢያስተካክሉት ስሕተቱ ወዲያው ይታይዎታል።

ለታችኛው ጡንቻ ከዚሁ አቋቋም ሳይወጡ የኋላውን እግር ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ያቅርቡና ሁለቱንም ጉልበቶች ያጥፉ፤ በርጩማ ላይ ሊቀመጡ እንደሆነ ቀስ ብለው ወደ ታች ይውረዱ፣ ተረከዙ አሁንም መሬት ይንካ። ስበቱ አሁን ዝቅ ብሎ፣ ከተረከዝ ጅማቱ በላይ ይሰማል፤ ከመጀመሪያውም የደበዘዘ ነው። ስላልጎላ አልሠራም ብለው አይተዉት።

እያንዳንዱን 30 ሰከንድ ይዘው በየእግሩ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ስበቱን ከአሥር ቢመዝኑት ከአራትና ከአምስት አይለፍ፤ ትንፋሽዎን መያዝ ከጀመሩ አብዝተዋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነጠሩ ማሳሳብ ደግሞ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል እንዲኮማተር ያደርገዋል።

አራተኛ፦ መታሸትና ማንከባለል

እዚህ ላይ ከራሴ ልጀምር። ብስክሌት በጀመርኩበት ዓመት ባቴ ክፉኛ የተያዘበት አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ በዘመድ ጥቆማ አንድ የሚያሹ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ባቴን ገና ሲዳብሱት «ጅማቱ ተጠቅልሏል» አሉኝ፤ ከዚያም ሁለት አውራ ጣታቸውን ደርበው፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር፣ ከተረከዜ እስከ ቋንጃዬ ደጋግመው አረሱት። እሑድ ጠዋት ባቴ አብጦ ነበር፤ ሰኞ በአውራ ጣቶቹ መስመር ላይ ሁለት ጥቁር ሰንበር ታየ፤ እንደ ሰው ለመራመድ ሐሙስ መድረስ ነበረብኝ። የወጌሻን ሙያ አልንቅም፤ ነገር ግን ዕለቱን የተጎዳ የጡንቻ ክር በኃይል ሲታሽ ጉዳቱ ይጨምራል እንጂ አይጠገንም፤ ጅማትም አይጠቀለልም።

በመጀመሪያው ምሽት የሚፈቀደው ቀላል ዳበሳ ነው። ተቀምጠው ጉልበትዎን አጥፈው፣ ባትዎን በሁለት መዳፍዎ አቅፈው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት አቅጣጫ ቅቤ እንደሚቀቡ ያህል ብቻ ያሹት። ቅቤም ይሁን ዘይት ወይም ቫዝሊን ልዩነት የለውም፤ ሥራቸው እጅ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ቪክስ የሚሰጠው የማቃጠልና የማቀዝቀዝ ስሜት ከሕመሙ ሐሳብን ያዘናጋል፣ ወደ ጡንቻው ግን አይዘልቅም።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ማንከባለል ይቻላል። ለዚህ የሚሸጠውን የስፖንጅ ሲሊንደር መፈለግ አያስፈልግም፤ ውሃ ሞልቶ ክዳኑ የጠበቀ ሃይላንድ ወይም የሊጥ መዳመጫ እንጨት ይበቃል። ሰሌን ላይ ተቀምጠው እግርዎን ይዘርጉና ጠርሙሱን ከባትዎ ሥር፣ ከተረከዝ ጅማቱ በላይ ያድርጉት። እጆችዎን ከኋላዎ ተደግፈው መቀመጫዎን ትንሽ ያንሡና ጠርሙሱ ወደ ጉልበት እንዲንከባለል ሰውነትዎን ወደ ፊት ይግፉ፤ ከታች እስከ ላይ ለመድረስ አምስት ሰከንድ ያህል ይውሰዱ። ውሃው በጠርሙሱ ውስጥ ሲንቦጫቦጭ ይሰማዎታል፤ ድምፁ ከፈጠነ እርስዎም ፈጥነዋል ማለት ነው። የሚያምም ቦታ ሲያገኙ እዚያው ቆመው 20 ወይም 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ጣቶችዎንም ወደ ራስዎና ወደ ውጭ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ። ለአንድ እግር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከጉልበት በስተጀርባ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ግን ፈጽሞ አይጫኑ፤ ዋናዎቹ የደም ሥሮችና ነርቮች የሚያልፉት በዚያ ነው።

አምስተኛ፦ ሙቀትና ቅዝቃዜ

ደንቡ አጭር ነው። ያበጠ ወይም ተቀድዷል ተብሎ የሚጠረጠር እግር ቅዝቃዜ፣ የደነደነ ብቻ የሆነ እግር ሙቀት ይሻለዋል። ለቅዝቃዜ በረዶን በጨርቅ ጠቅልለው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሳርፉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የደሴ የቧንቧ ውሃ ራሱ ከበረዶ ብዙም አይርቅም። ለሙቀት ባቱን እስከ ጉልበት ሊያጠልቅ በሚችል ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው 15 ደቂቃ ይቆዩ፤ ውሃውን በክርንዎ ይፈትሹት፣ በተለይ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሙቀትን በትክክል ላይለይለት ስለሚችል ሌላ ሰው ቢፈትሽለት ይሻላል። ጨው መጨመር ልማድ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ሙቀቱ ነው።

ዲክሎፌናክን እንደ ከረሜላ የምንውጥበት ልማድ ያሳስበኛል። ውሃ ያጣ ሰውነት ላይ እንዲህ ያለው መድኃኒት ኩላሊትን፣ ባዶ ሆድ ላይ ደግሞ ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል። እንቅልፍ የሚከለክል ሕመም ከሆነ ፓራሲታሞል ይቀላል፤ ሌላ በሽታ ወይም ሌላ መድኃኒት ካለዎት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ስድስተኛ፦ ሌሊቱ

ሲተኙ እግርዎን በትራስ ከልብዎ ከፍታ ትንሽ በላይ ያድርጉት፤ ብርድ ልብሱም ጣቶችዎን ወደ ታች አጥብቆ የሚጫን አይሁን። ሌሊት ባትዎ ድንገት ከተሸማቀቀ ከአልጋ ዘለው አይነሡ፤ ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው ጣቶችዎን በእጅዎ ወይም በነጠላ ጠልፈው ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ እስኪለቅም ይዘው ይቆዩ። ጣቶቹን ወደ ታች መዘርጋት ሽምቅቁን ያጠናክረዋል። ሙዝ የበላ ሰው አይሸማቀቅም የሚለውን ወሬ እኔም ለብዙ ጊዜ አምኜ ነበር፤ ሙዝ ጥሩ ምግብ ነው፣ ሽምቅቅን እንደሚከለክል ግን አልተረጋገጠም፤ የጡንቻው መድከም ዋናው ምክንያት ይመስላል። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት እንቅልፍ ስለሆነ ማታ ቡናና ጫት ቢቀሩ ይመረጣል።

ሰባተኛ፦ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን

ቀኑን ሙሉ መተኛት ባቱን ይበልጥ ያደነድነዋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በለጥ ያለ ቦታ ይራመዱ፣ ወይም ኮምቦልቻ ካሉ በሜዳው ላይ በቀላል ማርሽ ይንዱ። ቢሮ የሚውሉ ከሆነ በየሰዓቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ተረከዝዎን 20 ጊዜ ያንሡና ያውርዱ። ሕመሙ ሲያልቅ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ከአራተኛው ቀን በኋላ፣ ባቱን ማጠንከር ይጀምሩ፤ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶችዎ ቆመው በሁለት እግር ከፍ ይበሉ፣ ከዚያ ሦስት ሰከንድ ወስደው ተረከዝዎ ከደረጃው በታች እስኪሆን ይውረዱ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የእኔ የኋሊት ደረጃ መውረድ የቀረው ይህን በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው።

ስምንተኛ፦ ብስክሌቱን ይመርምሩ

ሕመሙ በየሳምንቱ እየተመለሰ ከሆነ ጥፋቱ ከእግርዎ ይልቅ ከብስክሌቱ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪም ኮርቻው ነው። ከፍ ያለ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ፔዳሉ ታች ሲደርስ በጣቶቹ ጫፍ ሊደርስበት ይንጠራራል፤ ባቱም በእያንዳንዱ ዙር ያለ እረፍት ይወጠራል። ለመለካት ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው የዘወትር ጫማዎን አድርገው ይቀመጡና ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ከታች ጫፍ ሲደርስ ወገብዎ ወደ ጎን ሳይዘነበል ጉልበትዎ ልክ ቀጥ ማለት አለበት። እግርዎን ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲመልሱት ጉልበቱ በመጠኑ ታጥፎ ይቀራል። ማስተካከሉን በአንድ ጊዜ በአምስት ሚሊ ሜትር ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ በአንዴ የተለወጠ ኮርቻ ሕመሙን ወደ ጉልበት ያዛውረዋል። የእኔ ኮርቻ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ብስክሌቱን የገዛሁት ከእኔ በጣም ከሚረዝም ሰው ሲሆን፣ አንድ ዓመት ሙሉ በእሱ ቁመት ስነዳ ነበር።

ቀጥሎ የእግር አቀማመጥ ነው። የእግርዎ ሰፊው ክፍል ከፔዳሉ መሐል ዘንግ በላይ ይሁን፤ በረጅም ዳገት ላይ ደግሞ እግሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ገፋ ማድረግ የባቱን ጫና ይቀንሳል። ሶሉ የሚተጣጠፍ ሸራ ጫማ ለዚህ መንገድ አይመችም፤ እግር በርግጫ ቁጥር ስለሚጎብጥ ባቱ ተጨማሪ ሥራ ይይዛል።

የመጨረሻው ማርሽ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ሰው ኩራት ያጠቃዋል። በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቁ መውጣት ጉልበት ማሳየት ይመስላል፤ ባት ግን የሚደነድነው በዚህ ነው። ቀላሉን ማርሽ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ያስገቡ፤ ካቴናው ጫና ሳለበት ሲቀየር ሊወልቅ ይችላልና። ለ15 ሰከንድ አንድ ጉልበትዎ ስንት ጊዜ እንደወጣ ይቁጠሩና በአራት ያባዙት፤ ከ60 በታች ከሆነ ማርሹ ከብዷል፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ብስክሌትዎ ማርሽ ከሌለው በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ወርደው ለአንድ ደቂቃ ባትዎን የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ያሳስቡ።

እንደገና ሐረጎን ለመውጣት ዝግጁ መሆንዎን ለማወቅ፣ ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ቆመው ተረከዝዎን አሥር ጊዜ ከፍና ዝቅ ያድርጉ፤ ግድግዳውን በአንድ ጣት ብቻ ይንኩ። ሁለቱም እግሮች ሳያማቸውና ሳይንቀጠቀጡ አሥሩን እኩል ከጨረሱ ቅዳሜ ይነሡ። አንዱ ሰባት ላይ ከቆመ ሌላ ሳምንት በሜዳው ላይ ይንዱ።